የተቆረጠው ግስ

የኮምቦልቻ የቃል ጣቢያ የሚከፈተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰልፉ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል፤ ሰልፈኛውም ቆሞ ዝም አይልም፣ ያጠናል። «አልደረሰኝም ማዳበሪያው!» ይላል አንድ ገበሬ አይኑን ጨፍኖ። «ታመመ ልጄ፣ ከሰኞ ጀምሮ!» ትላለች ከኋላው የቆመችው ሴት፣ ልጇን ጀርባዋ ላይ እየወዘወዘች። «ጠፋ መታወቂያዬ! ጠፋ መታወቂያዬ!» ይላል ሌላው፣ አንዴ ከተሳሳተ ተመልሶ ወረፋ መያዝ እንዳለበት ስለሚያውቅ ላብ እያጠመቀው። ዘመኑ 2094 ዓ.ም. ነው። በዚህ ከተማ አማርኛ ከጭራው መነገር ከጀመረ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ሐኪሙም ዳኛውም የመሬት ሹሙም ያሉት ማዕከል ነው። ማዕከል ደግሞ ሩቅ ነው፤ አይቶት የመጣ ሰው በከተማው የለም። ወደዚያ የሚደርሰው ቃል ብቻ ነው፣ ያውም በዋሻው በኩል። ዋሻው ሲባል ድንጋይ የተፈለፈለበት እንዳይመስላችሁ፤ ራውተር ከሚባለው የጣቢያው መረጃ አሳላፊ መሣሪያ ተነስቶ ማዕከል ራውተር ላይ የሚወጣ፣ ግራ ቀኙ የተዘጋ የመረጃ መንገድ ነው። ተራው የደረሰው ሰው ጠባቡ ክፍል ውስጥ ይገባና አፉን ጥቁር ጎማ ላይ ይለጥፋል። ጎማው ሁልጊዜ ሞቃት ነው፤ የቀደመው ሰው ትንፋሽ ያሞቀዋል፣ ምራቁም ጠርዙ ላይ ያብረቀርቃል። ጥበቃው በየአስር ሰው አንዴ በጨርቅ ይጠርገዋል። ጨርቁ ከጎማው ይብሳል።

ሉባባ ይማም ይህን ሰልፍ በየቀኑ ሰንጥቃ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ትወጣለች። ሥራዋ የጣቢያውን ራውተሮች መጠበቅ ነው። ስታልፍ ሰዎቹ ያጉረመርማሉ፤ ከጉርምርምታው ውስጥ ግስ ብቻ ነው የሚሰማት። አልሰጡኝም፣ ወሰዱብኝ፣ ሞተች፣ አልፈረምኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው የተናገረው ቃል ፓኬት የሚባል የመረጃ ጥቅል ይሆናል፤ ፓኬቱ በዋሻው ውስጥ የሚሄደው ልባስ ለብሶ ነው። የዋሻው አፍ ስፋት በመረጃ መስፈሪያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ባይት ነው፤ ከሉባባ ቅድመ አያት ዘመን ጀምሮ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነበር፣ ማንም አላሰፋውም። መጀመሪያ የደኅንነት መሥሪያ ቤት አንድ ልባስ አለበሰው። ቀጥሎ የጤናው መጣ፣ ቀጥሎ የፍርዱ፣ ቀጥሎ የባህሉ፤ እያንዳንዱ ሹም ማኅተሙ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ እንዲታይለት ይፈልጋል። በሩ ሳይሰፋ ካፖርት በካፖርት ላይ የደረበ ሰው በምን ያልፋል? ሥጋውን ቀንሶ ነዋ። አዲስ ልባስ በመጣ ቁጥር የቃሉን ልክ ዝቅ አድርጋ ራውተሩ ላይ የምትጽፈው ሉባባ ናት።

ድሮ የማያልፍ ፓኬት ሲመጣ ራውተሩ «በዛ፣ ቀንስ» የሚል መልስ ለላኪው ይመልስ ነበር። ይህ መልስ ሕዝብን ያሸማቅቃል ተብሎ ተከለከለ። አሁን ከልኩ ያለፈው ጭራ ዝም ተብሎ ይቆረጣል፤ ማዕከል ሲደርስ አሟይ የሚባለው መሣሪያ የጎደለውን ይሞላዋል። አሟይን የሠሩት ሰዎች የሰው ልጅ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ይናገራል ብለው ነው የሠሩት። አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደሚያስቀምጥ የነገራቸው የለም፤ የነገራቸውም ካለ ንግግሩ ረዝሞ ተቆርጦ ይሆናል።

አንድ ሰኞ ዕለት ስምንተኛው ልባስ መጣ። ከትህትና ጽሕፈት ቤት ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ተናጋሪው ትሑት መሆኑን የሚመሰክር ማኅተም ይደረብበታል ይላል ደብዳቤው። ሉባባ አነበበችውና ለአፍታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ስድስት መቶ አርባ የነበረውን ልክ ሰርዛ አምስት መቶ ሰማንያ ብላ ጻፈች፤ እንደ ልማዷም ሞከረችው።

«ሰላም ነው?» ብላ ላከች።

«ሰላም ነው» ብሎ ማዕከል መለሰ።

መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሰላምታ አጭር ነው፣ ምንጊዜም ያልፋል። የሚቀረው ጉዳዩ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የሉባባ እናት ወይዘሮ ጦይባ በራሳቸው እግር እያነከሱ መጥተው፣ ወረፋ ይዘው፣ ስለ እግራቸው ለማዕከሉ ሐኪም ተናግረው ተመለሱ። ለልጃቸው አልነገሯትም፤ ሥራ ላይ እያለች ማስጨነቅ አልፈለጉም። ደብዳቤው የደረሳቸው ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው። ሉባባ ቤት ስትገባ እናቷ ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን ከራቃቸው አድርገው፣ በሁለት ጣት ጫፍ ይዘውታል።

«አንብቢልኝ እስቲ። አይኔ ነው ወይስ ወረቀቱ ነው ያበደው?»

«በጠየቁት መሠረት፣» ብላ ሉባባ ጀመረች፣ «ቀኝ እግርዎ ከቁርጭምጭሚት በላይ ዓርብ ጠዋት ይቆረጣል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ሲስተር የሺመቤት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ቁስሉን ልታጥብ መጥታ አጠገባቸው ተንበርክካ ነበር። ፋሻውን ገለጥ አድርጋ ለሉባባ አሳየቻት። የስኳር ቁስል ነው፤ ከሁለት ወር በፊት ጥቁርና እርጥብ ነበር፣ አሁን ዳር ዳሩ ቀይ ሆኖ እየሞላ ነው።

«እየዳነ ነው እኮ ሉባባ!» አለች ሲስተር። «እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። ማዕከል ያለው ሐኪም የሚያውቀው ከሁለት ወር በፊት የተነገረውን ነው። ግን እናትሽ ራሳቸው ቁረጡልኝ ካሉ እኔ ምን አባቴ አደርጋለሁ?»

«እኔ? እኔ ቁረጡኝ?» አሉ ወይዘሮ ጦይባ።

ሉባባ ማዕከል የደረሰውን የማክሰኞውን ንግግር ቅጂ በስልኳ ከፈተችው። የእናቷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ዝናቡስ በናንተ በኩል እንዴት ያደርጋችኋል፣ አላህ ይስጥልኝ ስለኔ ስለተጨነቃችሁ፣ እድሜ ይስጣችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ፣ እንግዲህ የኔ ነገር ሲስተርም እንዳየችው ቁስሉ እየደረቀ ስለሆነ ይሄን እግሬን እንድትቆርጡት...» እዚህ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጸጥታ አለች። ከዚያ ያው ድምፅ፣ ያው ልስላሴ፣ ያው የወሎ ዜማ፣ «እፈልጋለሁ» አለ።

ወይዘሮ ጦይባ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ይቺን እኔ አላልኳትም።» ደግማ እንድታሰማቸው ጠየቁ፤ ደግማ አሰማቻቸው። «አልፈልግም ነው ያልኩት። ወላሂ አልፈልግም ነው ያልኩት። ታዲያ ይሄ ድምፅ የኔ አይደል? ማነው በኔ ጉሮሮ የገባው?»

ሉባባ አሟይን ልታስረዳቸው ሞከረች። ልኩን ማን እንደሚጽፈው ግን አልተናገረችም። እናቷ ልጃቸው ኮምፒውተር ትጠግናለች ብለው ነው የሚያምኑት፤ ለጎረቤትም የሚያወሩት ይህንኑ ነው፣ በኩራት። ሉባባም ከዚያ በላይ ነግራቸው አታውቅም። ስታወራ የገዛ ድምጿ አስጠላት።

«ነገ አንድ ጊዜ እንደገና የመሰማት መብት አለሽ» አለቻቸው። «አንድ ጊዜ ብቻ። እማ፣ ስሚኝ። እንደ ሰዉ ሁሉ ገልብጠሽ ነው የምትናገሪው። ገና አፍሽን ስትከፍቺ ‹አልፈልግም መቆረጥ› ትያለሽ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።»

«ሰላም ሳልል?»

«ሰላም ሳትይ።»

ወይዘሮ ጦይባ ወረቀቱን አጥፈው ፍራሹ ሥር ሸጎጡት።

«እንቢታ እኮ የመጨረሻ ነገር ነው ልጄ። መጀመሪያ ሰውየውን ታከብሪዋለሽ፣ ከዚያ ምክንያትሽን ታስረጂዋለሽ፤ እንቢታው መጨረሻ ላይ ሲመጣ አያቆስለውም። እኔን እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። በእንቢ የሚጀምር ውሻ ነው። እኔ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ለእግሬ ብዬ አልጮህም።»

«እማ፣ እግርሽ እኮ ነው!»

«አፌስ?»

ሲስተር የሺመቤት ፋሻውን ጠቅልላ አበቃችና አንገቷን ደፍታ ወጣች። ሉባባ ከእናቷ ጋር እስኪመሽ ተከራከረች። ለመነቻቸው፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። ወይዘሮ ጦይባ ፍንክች አላሉም። «እኔ ልታረም የሚገባኝ ነገር አልሠራሁም፤ የሚታረም ካለ ያ መሣሪያ ይታረም» አሉና ፍራሻቸውን አነጣጥፈው ተኙ።

ይህን የመሰለ እውነት በምን ይመለሳል? ሉባባ ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው ሳይከፈት አለቃዋ ቢሮ ገባች። አቶ ስንሻው ጠረጴዛቸው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ ይበላሉ፤ ገለባውን የስምንተኛው ልባስ ደብዳቤ ላይ ይከምራሉ።

«አንድ መስመር ብቻ ፍቀዱልኝ» አለች። «ረጅም ንግግር ሲመጣ ጭራው ከሚቆረጥ፣ ልባሱን ሳይለብስ ገና ከምንጩ ትንንሽ ፓኬት ሆኖ ይከፈል። ተከታትሎ ይሄዳል። ምንም አይቀርም።»

«ይቻላል?»

«ድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው።»

አቶ ስንሻው አንድ ባቄላ ወደ አፋቸው ወረወሩ። «እና አንድ ሰው በአንድ ፓኬት የሚጨርሰውን በአራት ይልካል። የከተማው ፓኬት በአንድ ቀን እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ማዕከል ምን ይላል? ኮምቦልቻ ወሬኛ ሆነ ይላል! ወሬኛ ከተማ ተብሎ የተመዘገበ ሁሉ ጣቢያው በሳምንት ሦስት ቀን እንደሚዘጋበት ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በማን ላይ ይጮሃል?»

«ሕዝቡ አሁንም እየተቆረጠ ነው።»

«ሕዝቡማ ለምዷል። አልሰማሽም ሰልፉን? ከልጅ እስከ አዋቂ ግሱን ከፊት ያስቀድማል። ደግሞም ከኮምቦልቻ አንድም ቅሬታ አልደረሰም። ይኸው ሪፖርቱ፣ ዜሮ።»

ሉባባ ሪፖርቱን ታውቀዋለች። ባለፈው ወር አንድ የጭነት ሾፌር አቤት ለማለት ገብቶ፣ ከሰላምታው በኋላ «በዚህ አሠራር እኔም ጓደኞቼም እጅግ በጣም» እስኪል ድረስ ነበር ልኩ። አሟይ «ደስተኞች ነን» ብሎ ጨረሰለት። ሾፌሩ የምስጋና ወረቀት ደረሰው፤ ወረቀቱን ጣቢያው በር ላይ ቀዶ፣ ተፍቶበት ሄደ። አቶ ስንሻው ይህንን ያውቃሉ። ማወቃቸውን ሉባባ አይናቸው ላይ አየችው፤ ባቄላቸውን ግን አላቆሙም። አንድ ሰው ሁሉን እያወቀ እንዲህ ተመቻችቶ ሲያኝክ ማየት ጨጓራ ይልጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ እሷም ስድስት ዓመት አብራ ስታኝክ መኖሯ ነው።

«እሺ» ብላ ወጣች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ መስመሩን ጻፈችው።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ሉባባ ሥራዋን የማታውቅ ሰው አይደለችም። ያንን መስመር ከጻፈች በኋላ ረጅም ንግግር ልካ፣ ተከፋፍሎ ማዕከል ሲደርስ ምን እንደሚሆን ማየት ነበረባት። እሷ ግን የምታደርገውን ሁሉ የምታደርገው አገሩ በለመደው መንገድ ነው። ትኩሳት ይዞት እየተንቀጠቀጠ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና ነኝ» የሚል አገር ነው። «ሰላም ነው?» ብላ ላከች፣ «ሰላም ነው» ተባለች፤ ሮጣ ወረደች።

ወይዘሮ ጦይባ ተራቸው ደርሶ በጠባቡ ክፍል በር ላይ ቆመዋል። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ሰው ቤት እንደሚሄዱ ነው የለበሱት። ሉባባ ተከትላቸው ገባችና በጆሯቸው፣ «እንደፈለግሽ ተናገሪ እማ። አስተካክዬዋለሁ» አለቻቸው። ደስ አላቸው። ጎማውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አፋቸውን አስጠጉ።

«እንዴት አደራችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ» ብለው ጀመሩ፤ ከማክሰኞውም አስረዘሙት። በስሙ የማያውቁትን ሐኪም ልጆቹን ጠየቁለት፣ እናቱን መረቁለት። ከዚያ በእርጋታ ስለ ቁስሉ ነገሩት፣ የሲስተርን ምስክርነት ነገሩት፣ እግራቸው ከቤት እስከ መስጊድ እንደሚያደርሳቸው ነገሩት። መጨረሻ ላይ፣ «ስለዚህ አትቀየሙኝ እንጂ ይሄን እግሬን እንድትቆርጡት አልፈልግም» አሉ። ሙሉ ንግግር ነበር። ሉባባ ከስድስት ዓመት በኋላ በዚህ ክፍል ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያው ሙሉ አማርኛ ነው፤ ደረቷ ሞቀ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ በራ። ንግግሩ በአራት ፓኬት ደርሷል፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ነገር ግን አሟይ አራቱን እንደ አንድ አላያቸውም፤ በግስ ያላለቀውን እያንዳንዱን እንደደረሰ፣ ጭራው እንደተቆረጠ ቆጥሮ ሞላው። ድምፁ ከጣሪያው መጣ፣ የወይዘሮ ጦይባ ድምፅ ነው።

«...ስለ እግሬ እንድንነጋገር ስለፈቀዳችሁ፣ ተስማምቻለሁ።»

«...ሲስተር ቁስሉን እያየች የነገረችኝን፣ ተቀብያለሁ።»

«...እግሬን ይዤ ወደ መስጊድም ወደ እናንተም፣ እመጣለሁ።»

«...ይሄን እግሬን እንድትቆርጡት አልፈልግም።»

ቀጥሎ የማይታወቅ ሰው ለስላሳ ድምፅ መጣ። «ሦስት እሺታ፣ አንድ እንቢታ። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ጸድቋል። ለማጽናት ወይም ለመሻር አንድ ጊዜ ይናገሩ። ዝም ካሉ እንደጸና ይቆጠራል።»

ሉባባ ሰሌዳውን ደግማ አነበበች። አንዲት ሴት ከራሷ ጋር ድምፅ ተሰጣጥታ ተሸነፈች! መስመሩን የጻፈችው እሷ ናት፤ እናቷን አራት ቦታ ቆራርጣ የላከችው እሷው ራሷ ናት። «እማ» አለች ብቻ።

ሰሌዳው ላይ ሰከንዶች ይቆጠራሉ። ወይዘሮ ጦይባ ልጃቸውን አላዩም። ጎማውን አዩት። አፋቸውን አስጠግተው፣ «ልጄ እንዴት...» ሊሉ ጀምረው ተዉት። ሰላምታው ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ሲመለስ፣ ሲውጡት፣ ሉባባ በአይኗ አየች።

«አላስቆርጥም።»

አንድ ቃል ናት። ማን እንደተናገረም፣ ምን እንደማይሆንም፣ ማን እንዳልፈቀደም ውስጧ አለ። የሚከፈል ነገር የላትም፣ የሚሞላም ነገር የላትም። እንደ ጠጠር ተወርውራ አለፈች።

«ተሽሯል» አለ ለስላሳው ድምፅ። «ስለ ትህትናዎ እናመሰግናለን።»

ሰልፉ ሰምቶ ነበር፤ የክፍሉ በር ስስ ነው። ወይዘሮ ጦይባ ሲወጡ ሰዉ አጨበጨበ። ልጇን ያዘለችው ሴት ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ፣ «ጎበዝ እማማ! ለመዱት እኮ! እንዲህ ነው!» አለቻቸው። ወይዘሮ ጦይባ ሴትየዋን ቀና ብለው አዩዋት። ስሟን አልጠየቁም፣ የልጇን ስም አልጠየቁም። እያነከሱ ወደ ጥበቃው ጎጆ ሄዱ፤ ጥበቃው ለውዱ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠበው፣ የሚያስቀምጠውን የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አነሱና ግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

ውሃ ተጎንጭተው ተጉመጠመጡ፤ ተፉት። ደገሙት። ጣታቸውን ከትተው ድዳቸውን አሹት፣ ምላሳቸውን አሹት፣ እንደገና ተፉ። ሉባባ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። እግራቸው ተረፈ፤ ያለ ሥጋት ሁለቱም መሬት ላይ ተዘርግተዋል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

«ሰውየው ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም» አሉ እናቷ፣ ለውሃው እንደሚናገሩ። «ባፌ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም። አይለቅም።» ቆይተው፣ «ያንን ልክ የሚጽፈው ማነው ሉባባ? ሰውን እስከዚህ ተናገር፣ ከዚህ በኋላ ዝም በል የሚለው? አንድ ሰው አለ አይደል፣ እጁ የሚጽፍ?»

ሉባባ ስለ ስምንቱ ልባስ፣ ስለ ማዕከል፣ ስለ አቶ ስንሻው፣ ስለ ዋሻው ስፋት ልትነግራቸው ትችል ነበር። ብዙ ማለት ይቻላል፤ ጥፋቱን ማካፈል ሰው ሁሉ የሚያውቅበት ነገር ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ወይዘሮ ጦይባ አልተቆጡም። አልረገሙም፤ ፊታቸውንም አላዞሩም። ማንቆርቆሪያውን አነቃንቀው ውሃ መቅረቱን አረጋገጡና ለልጃቸው ዘረጉላት።

«እንኪ» አሉ። «አንቺም ተጉመጥመጪ።»